በእጄ የፈረምኩት መልቀቂያ

ባለፈው ሰሞን ከኮሌጁ ሁለት ሴቶች መጡብኝ። የኮሌጁን ታሪክ ልንጽፍ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ነበርሽ፣ የምታስታውሺውን አጫውቺን አሉኝ። ስልካቸውን ዱቄት የነካው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ድምፄን ቀዱ። ስለ ሰሌዳው ነገርኳቸው። ስለ ኒም ዛፉ ነገርኳቸው። ወንበር ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከየቤታቸው ዱካ ይዘው ይመጡ እንደነበርም ነገርኳቸው። ስለዚያ አርብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሴቶቹ አመስግነው ሄዱ፤ እኔ ግን የዋሸሁ ያህል ሲከነክነኝ ዋለ። ያልነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው።

ኮሌጁ የተጀመረው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኛ ይኖርበት በነበረ አሮጌ ቤት ነው። ያቋቋመችው ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር የኖረች ናት፤ ትልቅ ትንሹ «ቲቸር» ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው። ለሴት ብቻ የሚሆን የአዋላጅነት ኮሌጅ እኛ ሰምተንም አናውቅ። ሰሌዳው የተሰቀለ ቀን መንገደኛው እየቆመ፣ እያነበበ፣ እየሳቀ አለፈ። የባጃጅ ሹፌሮችማ ወዲያው ስም አወጡለት፦ ሂና ኮሌጅ።

«ሂና ኮሌጅ! ሂና ኮሌጅ የሚገባ!» እያሉ በሩ ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ።

አንድ ቀን አንዷ ተማሪ ዞር ብላ፣ «ንዳ አቦ! ነገ ሚስትህ ስታምጥ እኔን ነው የምትጠራው!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ያ ሹፌር በዚያ በር ሲያልፍ አንገቱን ቀብሮ ነው።

እኔ ከበሩ ማዶ፣ ኒሙ ጥላ ሥር ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እኔና ልጄ በዚሁ ነው የኖርነው። ተማሪዎቹ «እማ ሳምቡሳ» ይሉኛል። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታጥፍ ነበር። ቲቸር ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ትወጣና ሁለት የምስር ሳምቡሳ ትበላለች፤ ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ቀን የልጄን እጅ አየች አየችና፣

«ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ታጥፋለች፣ ቲቸር። ታግዘኛለች።»

«ማጠፏንማ አየሁት። አንዱም ጥግ አልተከፈተም። እንዲህ ያለ እጅ አዋላጅ ነው የሚወጣው።»

እምቢ ማለት ስለፈራሁ እሺ አልኩ። እውነቱ ይኼ ነው። እኔ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እፈራለሁ። ልጄ ግን በአባቷ ነው የወጣችው፤ ዱካዋን ብድግ አድርጋ መንገዱን ተሻግራ ገባች።

ሦስተኛ ዓመቷ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ጣጣው መጣ። ባለቤቱ ቤቱን ፈለገው። ቲቸር ከተማውን ስታካልል ከርማ በመጨረሻ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲያ አንድ ግቢ አገኘች። ሰፊ ነው፤ ግን ሩቅ። ወላጅ ተንጫጫ። «እዚያ ነፋስ ብቻ ነው የሚማረው» ያሉ አባት ነበሩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጎረቤቴን ልጅ በዚያ መንገድ ባጃጅ ውስጥ ስልኳንና ቦርሳዋን ቀምተው ገፍትረው ጥለዋታል፤ ጉልበቷ ተገሽልጦ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ጠፍቶ ነው ቤቷ የደረሰችው። ቲቸር በግቢው ውስጥ ጥቂት አልጋ አዘጋጅታ ስለነበር ዕጣ ተጣለ፤ ለልጄ ደረሳት። እኔ እዚያው ሱጁድ ወረድኩ። ከመንገዱ ተረፈች አልኩ።

ከመዛወሩ በፊት ወደየቤቱ ሁለት ሁለት ወረቀት ተላከ። ወላጅ አንዱን ፈርሞ እስከ ሐሙስ ይመልስ ተባለ። ልጄ ያን ጊዜ ሐርላ ጤና ኬላ ለተግባር ልምምድ ወጥታለች፤ ቅዳሜ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ወረቀቱን የክፍል ጓደኛዋ አመጣችልኝ።

«እማ ሳምቡሳ፣ ከሁለቱ አንዱን ፈርሚና ፖስታው ውስጥ አሽጊልኝ። ላንብብልሽ?»

«ምን ሆኜ ነው የምታነቢልኝ? ዓይን የለኝም?»

ልጅቷ ወረቀቶቹን ሰጠችኝ። እኔ እጄን በመቀነቴ ጠርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ትልልቁን ፊደል አላጣውም። በአንደኛው አናት ላይ «የመቀጠያ ቅጽ» ይላል። በሁለተኛው ላይ «የመልቀቂያ ቅጽ»። ከሥር ያለው ጥቃቅን ጽሑፍ እንደ ሰሊጥ የተበተነ ነው። ዘይቱ መጨስ ጀምሯል፣ ልጅቷ ታየኛለች።

መቀጠል የሚለውን ከቴሌቪዥን አውቀዋለሁ። ድራማው ሊጥም ሲል፣ ሰውየው በሩን ሊከፍት ሲል፣ «ይቀጥላል» ይልና ይጠፋል። አላለቀም ማለት ነው። ልጄ የመጨረሻ ዓመቷ፤ ምን አጥፍታ ነው የምትቀጥለው? ዓመት ሊጨምሩባት ነው? መልቀቂያን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ «መልቀቂያ ወሰደ» ተብሎ ሰፈሩ እልል ብሏል፣ እናታችን ፍየል አሳርዳለች። ለዓመታት ስሙ ራሱ «መልቀቂያ የወሰደው» ነበር። ለእኔ መልቀቂያ ማለት ትልቁ ፈተና ነው፣ ጨርሶ መውጫው። ሌላ ትርጉም እንዳለው የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

መልቀቂያው ላይ ፈረምኩ። ጠበቅ አድርጌ ነው የፈረምኩት፣ ጥጉን ዘይት ነካው። ፖስታውን አሽጌ ሰጠኋት። የተረፈውን ወረቀት ለሁለት ቀድጄ ሳምቡሳ ጠቀለልኩበት።

ማታ ልጄ ደወለች።

«እማ፣ ወረቀቱ ደረሰሽ?»

«ደርሶኝ ፈርሜ መልሻለሁ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«ማን ያነብልኛል? ራሴ ነኛ!»

«ጎበዝ እማ! ወላሂ ጎበዝ!» አለችኝ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አርብ ረፋዱ ላይ ዘይቱን አግዬ ለምሳ የሚሆነውን ዙር ስከት የበሩ ፈታሽ መንገዱን ተሻግራ መጣች። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ አንደበቷ ስል ነው፣ ግን ወዳጄ ናት።

«አንቺ፣ ልጅሽን አስወጣሻት እንዴ?»

«ከየት?»

«ከኮሌጁ ነዋ! ዝርዝሩ ተለጥፏል። የለቀቁ ተብሎ።»

«ተሳስተሻል። የኔ ልጅ ተፈታኝ ናት።»

«የምን ተፈታኝ? መልቀቂያ ፈርመሻል እየተባለ?»

«አዎ ፈርሜያለሁ! እኮ፣ ፈተናው!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

«ኸረ አቦ... አንቺ ሴትዮ፣ መልቀቅ እኮ ነው። ወጣች፣ አበቃ ማለት ነው።»

 በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሄጄ አየሁት። ሦስት ስም አለ፤ ሦስተኛው የልጄ ነው። የአባቷንም ስም አነበብኩት፤ እሱ ቢኖር ይኼን አላደርግም ነበር። ሳምቡሳው እያረረ ፈታሿ ሮጣ ሄዳ አወጣችልኝ።

ቢሮው ስደርስ ጸሐፊዋ በሩን እየቆለፈች ነው። ጁምዓ ነው፣ ሙቀት ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደማይከፈት እኔም አውቃለሁ።

«እኅቴ፣ አንዴ ስሚኝ፣ ስሕተት አለ።»

«ከዘጠኝ በኋላ ነይ።»

«ዝርዝሩስ? ዝርዝሩ ምን ይሆናል?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ በላይ ይላካል። ከተላከ እኛም አንመልሰውም፤ ስለዚህ አትቆዪ» ብላ ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድላቸውም፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። እንደገና ደወልኩ። ቢነሳስ ምን ልላት ነበር? የቢሮው በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ እዚያ ተቀመጥኩ። ዱቄት ያለበት ልብሴን አልቀየርኩ፣ ውኃ አልጠጣሁ። ቤት ብሄድ የሚዘጉብኝ መሰለኝ። ለቲቸር የምለውን በልቤ አዘጋጃለሁ፣ ይጠፋኛል፣ እንደገና አዘጋጃለሁ። ሰው ልላክ ይሆን? ፈታሿን ልላክ? ማኅተም የመታ ሰው ፊት ምን ተብሎ ይቆማል?

ስምንት ተኩል ላይ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሐርላ በኩል ነው የመጡት፤ ጫማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ ነበረ። በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፣ በኦሮምኛ መለስኩላት። ልጅቷ ዘንድሮ ጀማሪ ናት። ከተማ የሚያስጠጋት ዘመድ ስለሌላት ልትተወው ነበር አለችኝ።

«ዛሬ ጠዋት ደወሉልን፤ አልጋ ተገኘ ብለው። አንዷ ለቀቀች አሉ።»

«ለቀቀች?» አልኩ።

«ለቀቀች። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ረቢ መንገዷን ያቅናላት። በሄደችበት ሁሉ ክፉ አይንካት። እናቷንም ይጠብቅላት። ለልጄ ሲል ነው ያስለቀቃት።»

አሚን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ልጅቷ የትምህርት ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። አንገቴን ቀና አድርጌ ላያት አልቻልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ መጣች። በሩን ከፍታ፣ «ቀድሞ የመጣ ማነው?» አለች።

እኔ ነበርኩ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበርኩ። አፌ ግን ተያዘ። ከአንድ ልብ ምት ያነሰ ጊዜ ነው ዝም ያልኩት፤ ሴትየዋ ልጇን ይዛ ገባች። ሰው ሲሰማው ደግነት ይመስለዋል። ደግነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

ማኅተሙ ሲመታ ከውጭ ሰማሁት። ሲወጡ እናትየው እጄን ያዘችኝና «ገለቶሚ» አለችኝ። ስላስቀደምኳት ነው የምታመሰግነኝ።

ገባሁ። ቲቸር ቀና አለች፤ አልሳቀችልኝም።

«እማ ሳምቡሳ። እኔ ይኼን ካንቺ አልጠበቅኩም። ሦስት ዓመት! ስድስት ወር ሲቀራት! ለማን ልትድሪያት ነው?»

«ልድራት አይደለም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ መንገዱ ነው? አልጋ ሰጥቻታለሁ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? በጀርባዬ ልዘላት?»

«ተሳስቼ ነው የፈረምኩት።»

«ማንበብ ካልቻልሽ ወረቀቱን ያመጣችው ልጅ ላንብብልሽ ስትልሽ ለምን አላስነበብሻትም?»

«አንብቤዋለሁ፣ ቲቸር። አንብቤው ነው የተሳሳትኩት። መልቀቂያ ሲል... ፈተናው መሰለኝ። ወንድሜ ወስዶ ነበር።»

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። ቲቸር መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«መቀጠያውስ?»

«ዓመት ልትጨምሩባት መሰለኝ። እንደ ድራማው።»

«ያ ረቢ» አለች ቲቸር፣ ክርስቲያን ሆና። ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «እኔም መልቀቂያ የወሰድኩ ጊዜ አባቴ ጎረቤት ጠርቶ አብልቷል። ቅጹን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ቃሉን ስጽፈው አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።»

በቃ ቅጹ ተቀደደ አልኩ በልቤ። አልተቀደደም።

«ስሚኝ። የተፈረመ ወረቀት በአፍ አይሻርም። ነገ አንዱ አባት ልጁን አስወጥቶ፣ ተመልሶ ተሳስቼ ነው፣ ከዚያ ደግሞ አስወጥቶ፣ እንዲህ ሲያመላልሰኝ አልችልም። ማመልከቻ ጻፊ። በእጅሽ።»

«ጸሐፊዋ ትጻፍልኝና ልፈርም?»

«በፊርማሽ ነው ያስወጣሻት። በጽሑፍሽ መልሻት።»

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። አሥር ሰዓት አልፏል። በሕይወቴ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም፤ ለቀበሌ እንኳ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ላቤ ወረቀቱን ያርሰዋል። መጥፎው ነገር ያችኑ ቃል መጻፍ ነበረብኝ። «ቂ» ላይ ስደርስ ቅጥያዋ የት እንደምትሆን ጠፋኝ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን ታያለች፤ ከዚያ ምንም ሳትል ያንን የፈረምኩትን ቅጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከራሱ ከቅጹ ላይ አይቼ ገለበጥኩት። የጻፍኩት ይኼ ነው፦

«ለኮሌጁ። እኔ እናቷ ነኝ። መልቀቂያ ፈተና መስሎኝ ፈረምኩ። ሰው አልጠየኩም። ልጄ ምንም አታውቅም። ልጄ አትውጣ። ትቀጥል።»

ቲቸር ሁለት ጊዜ አነበበችው። መልቀቂያው ላይ በቀይ መስመር አሰመረች፣ ከጎኑ አስፈረመችኝ፣ ማኅተም መታች። ከዚያ ዝርዝሩን አውጥታ ሦስተኛውን ስም ሰረዘች። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

«ትምህርቷ ተመልሷል» አለች። «አልጋው ግን...»

«አውቃለሁ። አጠገባቸው ነበርኩ።»

«አጠገባቸው ሆነሽ ዝም አልሽ?»

እስክሪብቶውን መለስኩላት።

«ገና በር ላይ መኪና እየጠበቁ ናቸው፤ ሳይርቁ ልጥራቸው? ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፣ አነሳዋለሁ። የልጅሽ ዕጣ ነው፣ መብትሽ ነው። ቶሎ በይ።»

በመስኮቱ አየኋቸው። እናትየው የልጅቷን ሻሽ ታስተካክላለች። ያቺ ሴት ምን ብላ ነው የመረቀችው? መንገዷን ያቅናላት፣ ክፉ አይንካት ብላ። ያን ምርቃት የመረቀችው የኔን ልጅ ነው፤ ሳታውቅ፣ ከልቧ። አልጋውን ብነጥቃት ምርቃቱን ትመልስብኛለች። ልጄ ደግሞ ያለ አልጋ ትችላለች፤ ያለ ምርቃት በዚያ መንገድ እንዴት እለቃታለሁ? እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

«ተያቸው» አልኩ።

ታሪክ ጸሐፊዎቹ ይኼን ቢያውቁ ደስ ይላቸው ይሆናል፦ ከዚያ ወዲህ የኮሌጁ ቅጽ ላይ መልቀቂያ የሚል ቃል የለም። «ልጄ ትምህርቷን አቋርጣ እንድትወጣ» ይላል፣ በትልቁ። ወረቀት ሲሰጥም እናቶች ተሰብስበው ይነበብላቸዋል፤ ማንበብ ለሚችሉትም።

ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት ገባች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ደስ ብሏታል፤ ሁለት ልጅ ሲወለድ ረድታለች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ፈርቼ ነው። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አልጋዬን ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ሳትጠይቂኝ አስወጣሽኝ። ሳትጠይቂኝ መለስሽኝ። ሳትጠይቂኝ አልጋዬን ሰጠሽ።»

«አዎ።»

«እማ፣ ጎበዝ ብዬሽ ነበር እኮ!» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው። ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነው።

«ከዛሬ በኋላ የኔን ወረቀት የምፈርመው እኔ ነኝ። ለቲቸርም ሰኞ እነግራታለሁ።»

«ሀዬ፣ እሺ» አልኩ። 

አዲሱ ግቢ የተጀመረ ቀን አብሬያት ሚኒባሱ ድረስ ሄድኩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ይጋፋል። የሹፌሩን ፊት አየሁ፣ የረዳቱን ፊት አየሁ፣ ታርጋውን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ በመስኮት።

«ምንም። ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊ።»

«እማ፣ ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ።»

መኪናው ሄደ። ወደ ከዚራ አልሄድኩም፤ ሳምቡሳዬን የምጠብሰው ለማን ነው? ኮሌጁ የለም። ከመሳፈሪያው ጥግ የቡና ሻጯ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። መዳፌ እያላበው ቁጥሩ መፍሰስ ጀመረ፤ እንዳይጠፋ ደጋግሜ በቃሌ አልኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ስልኩ አንዴ ጮኸና ተዘጋ።